መለኪያው ኦክሲጅን ሲበላ፦ የካውትስኪ ሙከራ እንደገና

የሩቴኒየም፣ የፕላቲነም፣ የፓላዲየምና የኢሪዲየም ውህዶች የተቀበሉትን ብርሃን ፎስፎረሰንስ በሚባለው ዘገምተኛ ፍካት ይመልሳሉ። ኦክሲጅን ባለበት ፍካቱ ቶሎ ይከስማል፤ ዕድሜውን የለካ በስተርንና ፎልመር ቀመር (1919) የኦክሲጅኑን መጠን ያሰላል። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ክርክሬ «ኦክሲጅን ፍካቱን ያጠፋል» በሚለው አባባል ላይ ነው። ከቫንደርኩይ፣ ከዊልሰንና ከባልደረቦቻቸው የ1987 ጥናት ወዲህ ዘዴው በሥነ ሕይወት ሲስፋፋ አባባሉም አብሮ ተወረሰ። ኦክሲጅን ግን ጎረቤት ሄዶ እሳት እንደሚጭር ሰው ነው፤ ፍሙን ይዞት ይሄዳል። ይህን ሀንስ ካውትስኪ በ1930ዎቹ መጀመሪያ አሳይቶናል። ብርሃን ተቀባዩን ቀለም በአንዱ የሲሊካ ጄል ፍሬ ላይ፣ ቀለም አልባውን ሉኮ ማላካይት ግሪን በሌላው ላይ አስቀምጦ ፍሬዎቹን ደባለቀ። ሁለቱ ውህዶች አይነካኩም። ጥቂት ኦክሲጅን አስገብቶ ሲያበራባቸው ግን ቀለም አልባው አረንጓዴ ሆነ። በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት የተሻገረው የነቃ ኦክሲጅን ነበር። ሌላው ተመራማሪ ጋፍሮን፣ ካውትስኪ ከገመተው ያነሰ ጉልበት ያለው ታህተ ቀይ ብርሃንም ያንኑ ይሠራል ሲል ተቃወመ። ተቃውሞው የጉልበቱን ግምት እንጂ ሙከራውን አልነካም፤ 0.98 ኤሌክትሮን ቮልት ያለው፣ ሲንግሌት ኦክሲጅን የሚባለው የነቃ ኦክሲጅን ይበቃል። ሐሳቡ ግን ፉትና ዌክስለር በ1964 እስኪያነሱት ተገፍቶ ቆየ።

እንግዲህ እያንዳንዱ ንባብ ሲንግሌት ኦክሲጅን ይወልዳል፤ እሱም ፕሮቲንና ስብ ላይ አርፎ ያልቃል። ጎሉብና ፒትማን በጥቃቅን የደም ሥሮች ጥናታቸው እንዳስጠነቀቁት፣ ደም ሲፈስ ጉድለቱ ይተካል፤ በማይንቀሳቀስ ሕብረ ሕዋስ ግን በየብርሃን ምቱ ይጠራቀማል። በሕዋስ ውስጥ ነገሩ ይብሳል። በ2010 በአይጥ ዕጢ ላይ የተሞከረው ቢቲፒ የተሰኘ የኢሪዲየም ውህድ ስብ ወዳድ ስለሆነ ሽፋኖች ውስጥ ይሰነቀራል። ሲንግሌት ኦክሲጅን በውሃ ውስጥ ዕድሜው 3.5 ማይክሮሴኮንድ ገደማ ነው፤ ርቆ አይሄድም። የሚበላው እኛ «እዚህ ኦክሲጅን አነስተኛ ነው» ብለን የምንጽፍበትን ያንኑ ቦታ ነው።

ብርሃኑ ደካማ ነው ይባላል። ረጅም ዕድሜ ያለው ፍካት ግን በየነጥቡ ብዙ ምት ይጠይቃል። ውህዱን የሚከበው የዴንድሪመር (የቅርንጫፋም ሞለኪውል) ሽፋን ይከላከላል ይባላል። ሽፋኑ ግጭቱን ያሳንሳል እንጂ የተጋጨውን ኦክሲጅን አያድንም። በሰው የፊኛ ካንሰር ላይ የተሞከረው ቲኤልዲ1433 ደግሞ ብርሃን ሲያርፍበት በሚወልደው ሲንግሌት ኦክሲጅን ሕዋስ የሚገድል የሩቴኒየም ውህድ ነው፤ እዚያ መድኃኒት ያልነውን እዚህ ገለልተኛ መለኪያ ልንለው አንችልም።

መጠኑ እንደ ውህዱና እንደ ሕዋሱ እንደሚለያይ እቀበላለሁ። ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ የኦክሲጅን ምስል ቢያንስ በሦስት የብርሃን መጠን ተነሥቶ ይታተም፤ ቁጥሩም ብርሃኑ ዜሮ ቢሆን ወደሚደርስበት ተሰልቶ ይቅረብ።