ከጠጅ ጋን እስከ ባንኮኒ፦ የወለጋ ከተሞች የመጠጥ ቤት ሴቶች ታሪክ

የወለጋ ታሪክ በተነሣ ቁጥር የሚወሳው የሞሮዳ በከሬና የልጃቸው የደጃዝማች ኩምሳ አስተዳደር፣ ለአፄ ምኒልክ ይገባ የነበረው የወርቅ ግብር፣ የሚሲዮኖች ትምህርት ቤትና የቡናው ንግድ ነው። መወሳቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆና በደምቢ ዶሎ ገበያዎች ዳር በፊት ጠጅ እየጣሉ፣ በኋላም በሰው ባንኮኒ ላይ ቢራ እየከፈቱ ስለ ኖሩት ሴቶች የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ላደግነው ለእኛ እነዚህ ሴቶች የስብከት ርእስ እንጂ የታሪክ ርእስ ሆነው አልቀረቡልንም። በዚህ ጽሑፍ ስለ ጠባያቸው ለመፍረድ አልተነሣንም። የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ቤቱ የማን ነበር? መጠጡን ያዘጋጅ የነበረው ማን ነው? ገንዘቡስ በማን እጅ ይቀር ነበር?

አስቀድመን ስለ ስያሜው ጥቂት እንበል። የጠጅ ቤት እመቤት ኮማሪ ትባል ነበር። ሴተኛ አዳሪ የሚለው ቃል ዛሬ እንደ ስድብ ይሰማ እንጂ፣ አዳሪ ማለት በአንድ ነገር የሚኖር፣ በእርሱ የሚተዳደር ማለት ነው፤ አርሶ አደር ስንል፣ ወጥቶ አደር (ወታደር) ስንል ያው ቃል ነው። እንግዲህ በስያሜው ውስጥ ኃጢአት ከመነገሩ በፊት መተዳደሪያ ተነግሯል ማለት ነው።

ሌቃ ነቀምቴ በ1870ዎቹ ዓ.ም. በራስ ጎበና አማካይነት ለምኒልክ ሲገባ፣ ሞሮዳ የውስጥ አስተዳደራቸውን እንደ ያዙ ግብር ለመክፈል ተስማሙ። ስለዚህ እንደ ሌላው የደቡብ አገር ብዙ ወታደር በገባሩ ላይ አልተመራም። ይህ ልዩነት ለርእሳችን ዋና ነገር ነው ብለን እናምናለን። በሌላ ከተማ የጠጅ ቤት እናት የጦር ሰፈር ሲሆን፣ በነቀምቴ ግን ይልቁን የሲራራ ነጋዴ ቅፍለት ነው። ዓባይን ተሻግሮ ከጎጃም የመጣ ነጋዴ ማደሪያ፣ ለበቅሎው ገፈራ፣ ለራሱም ምግብና መጠጥ ይሻል። ከባሏ የተፋታች፣ ከዘመድ ርቃ በገበያ አጠገብ ጎጆ የሠራች ሴት ይህን ሁሉ ታቀርብ ነበር። የወለጋ ጫካ ማር አይታጣበትም፤ ኦሮሞውም ጠጁን ዳዲ፣ ጠላውን ፋርሶ ብሎ ከጥንት ያውቀዋል። ጋን፣ ማር፣ ጌሾና የእጅ ሙያ ካላት ሌላ ካፒታል አያስፈልጋትም። በቤቷ የሚያድር እንግዳ ቢኖር እንኳ በሩን የምትከፍተውና የምትዘጋው ራሷ ነበረች። ይህን ስንል ኑሮው የተመቸ ነበር ማለታችን አይደለም። ሰካራምና ዱለኛ በየዘመኑ አለ፤ ቤቱ ግን የእርሷ ነበር።

በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ላይ የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፣ የምዕራብ ወለጋ ቡና በክረምት በሚመጡት መርከቦች ወደ ሱዳን ይጫን ጀመር። ደምቢ ዶሎ (ሳዮ) የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች የሚኖሩባት ከተማ ሆነች፤ በዩብዶም የፕላቲን ማዕድን ይቆፈር ነበር። ደመወዝተኛና ተሸካሚ በበዛበት ሁሉ ጠጅ ቤት በዛ።

የጣልያን ወረራ ሁለት ነገር አመጣ፤ አንደኛው የመኪና መንገድ፣ ሁለተኛው ሕግ ነው። ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ፣ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ጣልያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት እንዲፈረድበት ታዘዘ። የተከለከለው አብሮ መኖሩ እንጂ ለአንድ ሌሊት መክፈሉ እንዳልነበረ አንባቢ ያስተውል። ቤትና ልጅ የምትጠብቀውን ሴት ሕጉ ወደ ሌሊት ገበያ ገፋት። የዘር ክብርን እናስጠብቃለን ያሉት ሰዎች ሥራ ይህ ነበር።

ከነጻነት በኋላ ነቀምቴ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ሆና ዳኛው፣ ፖሊሱ፣ መምህሩና ጸሐፊው ሲሰበሰቡባት፣ ቡና ቤት የሚባለው አዲስ ቤት ተስፋፋ። ስሙ ቡና ቤት ይሁን እንጂ የሚሸጠው ይበልጡን ቢራና አረቄ ነው። ጊዮርጊስ ቢራ በአዲስ አበባ መጠመቅ የጀመረው በ1915 ዓ.ም. ቢሆንም፣ ወደ ወለጋ በብዛት ሊደርስ የሚችለው የጭነት መኪና ሲመላለስ ነው። ዋናው ለውጥ እዚህ ላይ ነው። ጠጅን ሴቲቱ በእጇ ትጥለዋለች፤ ቢራን ግን ፋብሪካ ይጠምቀዋል። ቢራ ለመሸጥ የመነሻ ገንዘብ፣ ሣጥን፣ ባንኮኒ፣ ብርጭቆ፣ ራዲዮ ወይም ግራማፎን፣ እንዲሁም ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህን ያልቻለችው ሴት ሙያዋ ዋጋ አጣ፤ የቀራት ራሷ ብቻ ነበረችና በሌላ ሰው ቤት ተቀጠረች።

የተቀጣሪዋ የዕለት ኑሮ ምን እንደሚመስል ከአገሩ ሰው ከሰማነው ጥቂቱን እናቅርብ። ማታ የቆየችው ሴት ጧት ተነሥታ ወለል ትጠርጋለች፣ ብርጭቆ ታጥባለች። ከቀትር በኋላ ትተኛለች፤ ወይም ጠጉሯን ትሠራለች። ሲመሽ ተኳኩላ በባንኮኒው ትቆማለች። ደመወዟ ከስም የማያልፍ ነው፤ የሚታሰብላት ምግብና በጓሮ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ለልብስ የተበደረችው፣ የሰበረችው ብርጭቆ ይቆረጥባታል። እንግዳ ቤቱ ሳይዘጋ ይዟት ሊወጣ ቢፈልግ፣ መዝጊያ የሚባል ገንዘብ ለባለቤቱ ይከፍላል። ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ይህ መዝጊያ ነው፤ ባለቤቱ ስለ ሥራዋ ብቻ ሳይሆን ስለ መቅረቷም ይቀበላል ማለት ነውና። በታይላንድም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የመዝናኛ ቤቶች ሕግ ከወጣና በ1967 የአሜሪካ ወታደሮች ከቬትናም ለዕረፍት እንዲመጡ ውል ከተደረገ ወዲህ በባንኮክ በተስፋፉት ቡና ቤቶች፣ ከሰሜን ምሥራቅ ገጠር የመጣችውን ልጅ ይዞ የሚወጣ ሰው ለቤቱ ይከፍላል። በጊምቢ የውጭ አገር ወታደር የለም፤ ግን ከኅዳር ጀምሮ ቡና ሲሰበሰብ ገንዘብ የያዘ ነጋዴ፣ ሾፌርና ረዳት ይሞላል። በክረምት መንገዱ ሲጨቀይ ደግሞ ዕዳው ይከማቻል።

ሴቶቹ ከየት ይመጣሉ? ላቀች ድራሴ ስለ አዲስ አበባ ያጠኑት ጥናት፣ አብዛኞቹ በልጅነታቸው ተድረው የተፋቱና ከሌላ አገር የመጡ መሆናቸውን ያሳያል። በወለጋም የሰማነው ከዚህ አይርቅም። አንዲት ሴት በተወለደችበት ከተማ በባንኮኒ አትቆምም፤ የወለጋዋ ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ ትሄዳለች፣ የሸዋና የጎጃሟ ወደ ነቀምቴ ትመጣለች። ስሟን ትለውጣለች። ልጅ ቢኖራት ከእናቷ ዘንድ ትተዋለች፤ ለልጁም ገንዘብ ትልካለች። እቁብ ይጣላል፤ እቁቡ ሲደርስ ብዙዎቹ የሚያስቡት ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም የራስ ቤት ተከራይቶ ጠላ መጥመቅ ወይም አረቄ መሸጥ ነው። አንዳንዶቹ ይሳካላቸዋል። በየትንሹ ከተማ በባለቤቷ ስም እገሊት ቤት እየተባለ የሚጠራ ሆቴል መኖሩ የዚህ ምስክር ነው። አያቶቻችን በጎጆ የጀመሩትን፣ የልጅ ልጆቻቸው ከብዙ ዓመት ቅጥርነት በኋላ መልሰው ሊያገኙት ይደክማሉ።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሲሆን፣ ክፍል እያከራየች ትኖር የነበረችው ሴት ክፍሎቿን አጣች፤ ተከራይዋ ግን ኪራይ ቀነሰላት። አንዱ አዋጅ በሁለቱ ላይ እንዲህ ተለያይቶ ወደቀ። ከዚያ በኋላ የመጣው ኤች አይ ቪ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕመምተኞች የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ በ23 ከተሞች ከ6 ሺህ በላይ በሆኑ ሴተኛ አዳሪዎች ላይ በተደረገ ምርመራ ከመቶ 17ቱ ቫይረሱ ተገኘባቸው። በዚህ ጊዜ ሁሉ ሰው ጣቱን የቀሰረው በሴቲቱ ላይ ነው፤ መዝጊያ የከፈለውንና የተቀበለውን የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ሕጉን ብናይ፣ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ የ1997ቱ የወንጀል ሕግ የሚቀጣው ሴቲቱን ሳይሆን በእርሷ የሚጠቀመውን ደላላና አዘዋዋሪ ነው። በወረቀት ላይ ይህ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በባንኮኒና በባለቤቱ መካከል የጽሑፍ ውል ብርቅ ነው። መዝጊያም በደረሰኝ አይቆረጥም።

ነቀምቴ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ75 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበራት፤ ከዚያም ወዲህ አድጋለች። ይህን ጉዳይ የሚቀጥል የትምህርት ጓደኛችን ቢኖር፣ ከአዛውንት ቃል ሌላ የየከተማውን ማዘጋጃ ቤት የመጠጥ ንግድ ፈቃድ መዝገብና የቀበሌ ቤቶችን የኪራይ መዝገብ እንዲመረምር እንጠይቃለን። በየዓመቱ ስንቱ ፈቃድ በሴት ስም፣ ስንቱ በወንድ ስም እንደ ወጣ ቢቆጠር፣ ጋኑ ከሴቲቱ እጅ የወጣበት ዓመት ምናልባት በየከተማው ሊታወቅ ይችል ይሆናል።