የ16 ዓመት ልፋት በአንድ ሰከንድ



ሜሪ ካውደን ክላርክ የምትባል እንግሊዛዊት ነበረች። በ1829 እ.ኤ.አ. የሼክስፒር ቴአትሮች ውስጥ የትኛው ቃል የት እንዳለ በእጇ እየለቀመች መጻፍ ጀመረች። ለቀማው 12፣ ኅትመቱ 4 ዓመት ፈጀ። ኮምፒውተር የለ፣ ምን የለ!

በ1971 ደግሞ ማይክል ሃርት የሚባል አሜሪካዊ ተማሪ ፕሮጀክት ጉተንበርግን ጀመረ። ዛሬ ማክቤዝን ከዚያ በነፃ አውርዶ አንድ ቃል መፈለግ የሰከንድ ሥራ ነው።

እኔም ክፍል ውስጥ "ደም የሚለውን ቃል ፈልጉ" አልኩ። አንዱ ልጅ ወዲያው ቁጥሩን ነገረኝ። ሙሉ ማርክ ልሰጠው ስል፣ "እስቲ አንዱን ማን ተናገረው?" አልኩት። ዝም!

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የጠየቅኩት ቁጥር ነዋ። ስልኩ ያሳየንን ቦታ ሁሉ አብረን ማንበብ ጀመርን። ሌዲ ማክቤዝ በእንቅልፍ ልቧ እጇን እያሸች የምትለፈልፍበት ጋ ስንደርስ ክፍሉ ጸጥ አለ።

ሜሪ ቃሉን የለቀመችው እያነበበች ነው። ስልኩ ልፋቱን ይቀንስልን፤ ንባቡን ግን አይውሰድብን።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?