የፋብሪካ ሆርሞን፣ የጤፍ ካርቦንና የአትሌት ሽንት

ስታኖዞሎል የተባለው ሰው ሠራሽ ስቴሮይድ በአትሌት ሽንት ውስጥ ከተገኘ ክርክር የለም፤ የሰው አካል አያመርተውም። ሯጩ ቤን ጆንሰን በ1988 እ.ኤ.አ. በሴኡል ኦሊምፒክ ላይ የ100 ሜትር ወርቁን የተነጠቀው በዚሁ ነው። ቴስቶስቴሮን ግን የገዛ አካላችን ሆርሞን ስለሆነ መገኘቱ ማንንም አያስከስስም። ላቦራቶሪው ከየት እንደመጣ ማስረዳት ይኖርበታል፤ አስቸጋሪውም ይኸው ነው።

የኮሎኙ ኬሚስት ማንፍሬድ ዶኒኬ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያመጣው መላ ዙሪያ ጥምጥም የሚሄድ ነበር። አካል ከቴስቶስቴሮን ጎን ኤፒቴስቶስቴሮን የተባለ ተዛማጅ ውሁድም ያመርታል። በብዙ ወንዶች ሽንት የሁለቱ ምጣኔ 1 ለ 1 ገደማ ሲሆን፣ በመርፌ የተወሰደ ቴስቶስቴሮን አንደኛውን ብቻ ስለሚያሳድግ ምጣኔው ይዛባል። ወሰኑ መጀመሪያ 6 ለ 1፣ ኋላ 4 ለ 1 ሆነ። ምሥራቅ ጀርመኖች ለማምለጥ ብዙም አልተቸገሩም፤ ለአትሌቶቻቸው ኤፒቴስቶስቴሮኑንም አብረው ሰጡ።

የባሰው እንቅፋት ግን ተፈጥሮ ናት። ቴስቶስቴሮንን በሽንት ለመውጣት የሚያበቃው ዩጂቲ2ቢ17 የተሰኘ ዘረ-መል ጭራሽ የሌላቸው ሰዎች አሉ፤ በምሥራቅ እስያ ብዙ፣ በስዊድን ጥቂት ናቸው። የስዊድኑ ካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪዎች ለ55 ጤነኛ ወንዶች ቴስቶስቴሮን ወግተው በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ዘረ-መሉ ከሌላቸው 40 በመቶው የ4 ለ 1ን ወሰን ጨርሶ አላለፉም። ለሁሉም አንድ ወሰን ማበጀት፣ በእኔ እይታ፣ ለአንዱ ከለላ ለሌላው ወጥመድ ነው። በ2014 የተጀመረው የባዮሎጂ ፓስፖርት የስቴሮይድ ክፍል አትሌቱን ከራሱ የቀድሞ ውጤት ጋር ስለሚያነጻጽር ይህን በከፊል አቃልሏል።

ምንጩን የሚናገረው ካርቦን ነው። የፋብሪካ ቴስቶስቴሮን በአብዛኛው የሚሠራው ከአኩሪ አተርና ከመሰል ዕፅዋት ነው። እነዚህ፣ እንደ ስንዴና ገብስ ሁሉ፣ ምግባቸውን ከብርሃን በሚያዘጋጁበት መንገድ የተነሳ ካርቦን-13 የተባለው ከበድ ያለ የካርቦን ዓይነት ድርሻ በውስጣቸው አነስተኛ ነው፤ በቆሎ፣ ማሽላና ጤፍ ግን በሌላ መንገድ ስለሚያዘጋጁ ይበዛባቸዋል። አካል ሆርሞኑን የሚሠራው ከተመገበው ስለሆነ የገበታው አሻራ ሽንት ውስጥ ይገባል። መርማሪው የቴስቶስቴሮኑን ካርቦን መድኃኒቱ ከማይነካው ሌላ የሰውነት ስቴሮይድ ካርቦን ጋር ያስተያያል። እንግዲህ ጠዋት ማታ የጤፍ እንጀራ የሚበላ ሯጭ የፋብሪካውን ሆርሞን ቢወስድ፣ ስንዴና ድንች ከሚመገበው የሰሜን አውሮፓ ሰው ይልቅ ልዩነቱ ጎልቶ ሊታይበት ይገባል። በእኛ አትሌቶች ናሙና ላይ ራሱን ችሎ ቢጠና የሚያስቆጭ አይሆንም።

የዘዴውን ክብደት የፍሎይድ ላንዲስ ክስ ያሳያል። ብስክሌተኛው በ2006 የቱር ደ ፍራንስን 17ኛ ዙር ካሸነፈ በኋላ ምጣኔው 11 ለ 1 ሆኖ ተገኘ። ዋዜማውን ውስኪ መጠጣቱን አነሳ፤ አልኮል ምጣኔውን ከፍ ስለሚያደርግ ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ካርቦኑን ግን ውስኪ አይቀይረውም። በ2007 ጉዳዩን ያዩት ዳኞች የምጣኔውን ምርመራ በላቦራቶሪው ግድፈት ምክንያት አልተቀበሉትም፤ ጥፋተኛ ያሉት በካርቦኑ ውጤት ነው።

ይሁንና የካርቦን ምርመራ ውድ ነው፤ ጊዜም ይፈጃል። ስለዚህ በአብዛኛው የሚደረገው ምጣኔው ወይም ፓስፖርቱ ጥርጣሬ ባስነሳበት ናሙና ላይ ብቻ ነው። ዘረ-መሉ የሌለው አትሌት ሆርሞኑን ቢወስድም ምጣኔው ከፍ ላይል ስለሚችል፣ ሽንቱ ካርቦኑ ወደሚለካበት መሣሪያ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። የተወሰኑ ናሙናዎችን ምጣኔያቸው ምንም ይሁን ምን በዕጣ መርጦ ለካርቦን ምርመራ መላክ ይህን ቀዳዳ ያጠብበዋል።