ከአንበሳ ግቢ እስከ ድንቅነሽ፦ የአንድ ዳገት ታሪክ

ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወጣው ዳገት ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም። የአምስት ዓመት ልጅ መሃል ላይ አረፍ እያለ በእግሩ ይጨርሰዋል። ከታች፣ አራት ኪሎ በሚገኘው የሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ፣ ቆዳቸው ተሞልቶ የቆሙ የዱር እንስሳት የሚታዩበት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ። አምስት ኪሎ ላይ ድንቅነሽ የተባለችው ጥንታዊ አጽም የምትገኝበት ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። ከላይ ስድስት ኪሎ ደግሞ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአዲስ አበባ ልጅ የበዓልና የእረፍት ቀን ምኞት የነበረው አንበሳ ግቢ። ወፍ፣ አጥንትና አውሬ ሲያይ ዓይኑ ለሚበራ ልጅ ከተማዋ ከዚህ የበለጠ መንገድ አልነበራትም።

የሚገርመው ከሦስቱ አንዱም ለልጅ ተብሎ አለመሠራቱ ነው። አንበሶቹ የዘውድ ክብር ነበሩ። የተሞሉት እንስሳት የዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ፣ አጥንቶቹም የተመራማሪዎች ሀብት ናቸው። ልጆቹ ማንም ሳይጋብዛቸው፣ የወላጆቻቸውን እጅ እየጎተቱ ገብተው የራሳቸው አደረጓቸው።

የአዲስ አበባ ልጅ አንበሳን በሕይወት ከማየቱ በፊት በሥዕል ያውቀዋል። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠሩት ሳንቲሞች የአንበሳ ራስ አለባቸው። የከተማው አውቶቡስም ለብዙ ዓመታት ስሙም ምልክቱም አንበሳ ነበር። ለገሃር የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልትም አለ፤ በወረራው ጊዜ ጣሊያኖች ነቅለው ሮም ወስደውት ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ቦታው የተመለሰው። እንግዲህ ይህን ሁሉ ያየ ልጅ እውነተኛው የት እንዳለ መጠየቁ አይቀርም።

እውነተኛው ድሮ በቤተ መንግሥት ነበር። ዓፄ ቴዎድሮስ በአንበሶች ተከበው እንግዳ ሲቀበሉ የሚያሳየው ሥዕል በአውሮፓ በሰፊው ታትሟል። «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ማዕረግ የነገሥታቱ ማኅተም ላይ ሲኖር፣ አውሬው ራሱ በግቢያቸው ይታሰር ነበር። አንበሳ የገደለ ጀግናም ጎፈሩን በራሱ ላይ አድርጎ በአደባባይ ይፎክር ነበር። ተራው ሕዝብ አንበሳን የሚያየው ወይ በዱር በፍርሃት፣ ወይ በሰልፍ ቀን ከሩቅ ነው።

ዓፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 የስድስት ኪሎውን ግቢ ሲያቋቁሙ መኖሪያቸው እዚያው አቅራቢያ ያለው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የመጀመሪያዎቹ አንበሶች ሰባት ናቸው፤ አምስት ወንድና ሁለት ሴት። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተይዘው እንደመጡ ይነገራል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተደርጎ በገነተ ልዑል አረንጓዴው አዳራሽ ውስጥ የመንግሥት ባለሥልጣናት ከተገደሉ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ እዚያ መኖር አልፈለጉም። ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ንጉሡ ከሰፈሩ ሲለቁ አንበሶቹ ቀሩ። የቤተ መንግሥት ጎረቤት የነበረው ግቢ ከዚያ ወዲያ የተማሪዎች፣ የሰፈሩ ሰውና በዓል ለማሳለፍ ከሩቅ የሚመጡ ቤተሰቦች ጎረቤት ሆነ። ማታ ማታ የአንበሳ ግሳት እየሰሙ ያጠኑ የስድስት ኪሎ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። በስንት ቤተሰብ አልበም ውስጥም አዲስ ልብስ የለበሰ ሕፃን ከፍርግርጉ ፊት ቆሞ፣ ዓይኑን ግን ከካሜራው ይልቅ ወደ ኋላው አዙሮ ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ የአገሩን እንስሳት ሰብስቦ ለሕዝብ ማሳየት በኢትዮጵያ ለምን ይህን ያህል ዘገየ? እንስሳቱ ወደ ውጭ የተጓዙት ቀድመው ነውና። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው የፍራንክፈርት ሰው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያን ዞሮ ብዙ ናሙና ሰብስቧል። ጭላዳና ዋልያ እ.ኤ.አ. በ1835፣ ቀይ ቀበሮ በ1840 ሳይንሳዊ ስማቸውን ያገኙት በእሱ ነው። ስብስቡ የገባው ወደ ፍራንክፈርቱ ዜንከንበርግ ሙዚየም ነበር። ስለዚህ የአዲስ አበባ ልጅ ዋልያን በቅርብ የሚያይበት ቦታ ከመኖሩ ከመቶ ዓመት በፊት የሰሜን ተራሮች እንስሳት በጀርመን ነበሩ። ዛሬ በፍራንክፈርትና በአካባቢው የሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች ያንን ሙዚየም ሲጎበኙ ከወላጆቻቸው አገር የተጀመረ ታሪክ ነው የሚያገኙት፤ ይህን የሚነግራቸው ሰው ቢያገኙ እንዴት ባማረ!

ከስጦታ የተነሳ ስምም አለ። ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ አንድ የሜዳ አህያ ላኩ። ፓሪስ የደረሰው እንስሳ መስመሩ ቀጫጭንና የተጠጋጋ፣ ጆሮው ሰፊ ነበር። የፓሪስ የእንስሳት ሊቃውንት ይህ እስከዚያ ከሚያውቁት የተለየ ዝርያ መሆኑን አዩና እ.ኤ.አ. በ1882 በፕሬዚዳንቱ ስም ሰየሙት። በምሥራቅና በደቡብ ኢትዮጵያ ቆላ የሚኖረው ይህ እንስሳ እስከ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚጠራው በግሬቪ ስም ነው። የደጋ አጋዘንም እንዲሁ፤ ባክስተን የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1908 ናሙናውን ወደ ለንደን ልኮ ከሁለት ዓመት በኋላ በስሙ ተመዘገበ። ከአፍሪካ ትላልቅ አጋዘኖች ሁሉ መጨረሻ ላይ «የተገኘ» ይባላል። ለባሌና ለአርሲ ገበሬ ግን አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም።

አገሪቱ የራሷን ስብስብ ለመያዝ የበቃችው ከፍተኛ ትምህርት ሲጀመር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950 አራት ኪሎ ተከፈተ፤ ኋላ ዩኒቨርሲቲው ወደ ስድስት ኪሎ ሲሰፋ ሳይንሱ እዚያው ቀረ። መምህራኑ ለትምህርት ያህል የጀመሩት ስብስብ አደገ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ የመጣው ኤሚል ኧርባን በዩኒቨርሲቲው እያስተማረ አገሩን ዞሮ ወፎችን አጠና፤ ከሌስሊ ብራውን ጋር ያዘጋጀው የኢትዮጵያ ወፎች ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1971 ታተመ። ዛሬ ወፍ ለማየት ኢትዮጵያን የሚዞር ሁሉ በዚያ ሥራ ትከሻ ላይ ቆሟል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የተሞላ እንስሳ ለልጅ ይሰለቻል የሚል ወላጅ ያጋጥማል። ተሳስቷል። በሕይወት ያለ አውሬ ፊት ልጅ ይጮሃል፣ ይሮጣል፣ ይፈራል፤ ማየት ግን ብዙም አያይም። የቆመና የማይነቃነቅ እንስሳ ፊት ነው ጥፍር የሚቆጥረው፣ የቀንድ ጥምዝምዝ የሚከተለው፣ የሁለት ወፎችን ምንቃር አስተያይቶ «ይሄኛው ለምን ረዘመ?» ብሎ የሚጠይቀው። የተፈጥሮ ታሪክ ትምህርት የሚጀምረውም እዚያው ጥያቄው ላይ ነው። የአራት ኪሎው ሙዚየም ከሦስቱ በስም ያነሰ፣ በጎብኚም ብዛት የቀረ ነው፤ ለሚያተኩር ልጅ ግን ምናልባት ዋነኛው እሱ ነው።

አንበሳ ግቢ ከዘውዱ መውደቅ በኋላም ቀጠለ፤ በድህነት ግን። እ.ኤ.አ. በ2006 ቦታና ገንዘብ ስለጠፋ ደቦሎች በመርዝ እየተገደሉ ቆዳቸው እየተሞላ ለሚሸጥበት ሥራ እንደሚሰጡ የዓለም ዜና ወኪሎች ዘገቡ። ዜናው ያስደነገጠው በአጥሩ ዙሪያ ያደገውን ትውልድ ሁሉ ነው። ስድስት ዓመት ሳይቆይ ሌላ ዜና መጣ። የእንግሊዙ ዮርክ ዩኒቨርሲቲና የላይፕዚጉ ማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪዎች ከግቢው አንበሶች የአሥራ አምስቱን ዘረ መል መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2012 አሳተሙ። አንበሶቹ እስከዚያ ዘራቸው ከተጠና የዱር አንበሶች የተለዩ ሆነው ተገኙ። የወንዶቹ ጥቁር ጎፈር ከራስና ከአንገት አልፎ ደረትንና ሆድን እንደሚሸፍን፣ ሰውነታቸውም ከሌሎች አነስ ብሎ ጠንከር ያለ መሆኑ ቀድሞም ይታወቅ ነበር። ልጆች ለዓመታት በፍርግርግ ውስጥ ያዩት ጥቁር ጎፈር የሳይንስ ምስክርነት አገኘ። ተመራማሪዎቹም እነዚህ አንበሶች በጥንቃቄ እንዲራቡ አሳሰቡ።

በ2012 ዓ.ም. መስከረም ደግሞ በታላቁ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ አንድነት ፓርክ ተከፈተ፤ ጥቁር ጎፈር ያላቸው አንበሶችም እዚያ ይታያሉ። አንበሳው ወደ ቤተ መንግሥት ተመለሰ ማለት ነው፤ አሁን ግን የከተማው ልጅ ትኬት ቆርጦ በሩን አልፎ ይገባል።

አምስት ኪሎ ያለው ታሪክ ከሁሉም ይረዝማል። ህዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ተመራማሪዎቹ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ አፋር ውስጥ ሐዳር በተባለው ስፍራ አንድ ተዳፋት ላይ የክንድ አጥንት ስባሪ አዩ። በዋዜማው ሌሊት አዲስ አበባ ላይ ደርግ ስድሳ ያህል ባለሥልጣናትን ረሽኖ ነበር። አገሪቱ በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ሳለች ነው በበረሃው የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ድንቅነሽ ከአፈር የወጣችው። ስብርባሪው በመቶዎች የሚቆጠር ሲሆን፣ ሲሰበሰብ ከሙሉ አጽሙ 40 በመቶ ያህሉ ተገኘ። እንዲህ ያረጀና እንዲህ የተሟላ አጽም ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም።

አጥንቶቹ ለጥናት ወደ ክሊቭላንድ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሄደው ለዓመታት ከቆዩ በኋላ ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ከሂዩስተን የጀመረ የአሜሪካ ጉዞ አደረጉ። ጉዞው ብዙ ክርክር አስነሳ፤ ስሚዝሶንያን የመሰለ ትልቅ ተቋም እንዲህ ያለ ተሰባሪ ቅርስ ከአገሩ መውጣት የለበትም ብሎ ተቃወመ። በአንጻሩ በአሜሪካ ለተወለዱ ኢትዮጵያውያን ልጆች እውነተኛዋን ድንቅነሽን ለማየት ያገኙት አጋጣሚ ያ ነበር። እሷ እ.ኤ.አ. በ2013 አገሯ ገባች። በሙዚየሙ ለጎብኚ የሚታየው ቅጂዋ ነው፤ ዋናዎቹ አጥንቶች በጥበቃ ተቀምጠዋል። ቅጂው በሁለት መልክ ቀርቧል፤ አንዱ እንደተገኘችው ተጋድማ፣ ሌላው ቆማ።

ትልልቆቹ ጎብኚዎች የሚሰበሰቡት የተጋደመችው ጋ ነው። ልጅ ግን ወደ ቆመችው ይሄዳል፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ድንቅነሽ ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር፤ የአምስት ዓመት ሕፃን የሚያህል። በዚያ ክፍል ውስጥ ሳያጎነብስ ፊት ለፊት የሚያያት እሱ ብቻ ነው። የሙዚየም መግለጫ ጽሑፎች ከትልቅ ሰው ዓይን ትይዩ ይሰቀላሉ፤ የልጁን ጥያቄ የሚመልስለት አብሮት የመጣው ሰው ይሆናል። ስለዚህ አክስት፣ አያት ወይም ታላቅ ወንድም ከመምጣቱ በፊት ጥቂት ነገር አንብቦ ቢመጣ የቀኑ ደስታ እጥፍ ይሆናል።

ለሕፃን ይበልጥ የሚቀርበው ደግሞ ሰላም የተባለችው ሕፃን ታሪክ ነው። ተመራማሪው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2000 ከሐዳር አዋሽን ተሻግሮ ባለው ዲኪካ አንዲት ትንሽ ፊት ከድንጋይ ውስጥ ብቅ ብላ አገኘ። ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆናት የሞተች የድንቅነሽ ዝርያ ልጅ ናት። ብዙዎች የድንቅነሽ ልጅ ይሏታል፤ ነገር ግን 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሆናት ሰላም በዕድሜ ከድንቅነሽ ትቀድማለች። አጥንቶቿ እንደ ሲሚንቶ ከጠነከረ የአሸዋ ድንጋይ ጋር ተጣብቀው ነበር። ዘረሰናይ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ቅንጣት በቅንጣት እየፋቀ ለማውጣት ዓመታት ፈጀበት፤ ግኝቱ ለዓለም የተነገረውም እ.ኤ.አ. በ2006 ነው።

ልጆች እሷን ሲያዩ የሚጠይቁት ተመሳሳይ ነው፤ ዛፍ ላይ ትወጣ ነበር? እናቷ ታዝላት ነበር? የሰላም እግር ሙሉ ሊባል በሚችል ሁኔታ ስለተገኘ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጠየቁ፤ መልሳቸውንም እ.ኤ.አ. በ2018 አሳተሙ። በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ ነበር። የእግሯ አውራ ጣት ግን ከዛሬ ልጆች ይልቅ ወደ ጎን ይንቀሳቀስ ስለነበር፣ ዛፍ ላይ ለመውጣትም እናቷን ይዞ ለመንጠልጠልም ይረዳት እንደነበር ጻፉ።