የአሮጌ ወንበር ዕዳ
ጥቂት ዋጋ ያለው የመንግሥት ንብረት በአዋሽ ሸለቆ ከተሞች

የመንግሥት ንብረት ሲገዛ ብዙ ይጻፍለታል፤ ሲያረጅ ግን የሚጽፍለት ጥቂት ነው። በአብዛኛው የወረዳ ጽሕፈት ቤትና ትምህርት ቤት ጓሮ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ የተጣመመ የብረት መደርደሪያ፣ ቀለበቱ የወለቀ የጽሕፈት መኪና፣ ባዶ በርሜልና ያለቀ ጎማ ተከምሮ ይገኛል። ክምሩ በተለምዶ የሠራተኛው ስንፍና ምልክት ተደርጎ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ የአዋሽ ሸለቆ ታሪክ ሲመረመር ክምሩን የፈጠሩት ሦስት ነገሮች መሆናቸው ይታያል፤ እነርሱም የመዝገቡ ሥርዓት፣ የመንገዱ አቅጣጫና የአስተዳደሩ መለዋወጥ ናቸው።

ወደ ሸለቆው የፋብሪካ ዕቃ በገፍ መግባት የጀመረው በምድር ባቡር ነው። ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. የተጀመረው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ፤ አዋሽ ሰባት ኪሎም በባቡር ጣቢያው ዙሪያ አድጋ ከተማ ሆነች። ከዚያ አስቀድሞ በአካባቢው ትርፍ ዕቃ የሚባል ነገር እምብዛም አይታወቅም ነበር። የአፋር አርብቶ አደር ቤቱን ከሰሌንና ከጎበጠ እንጨት ይሠራል፤ ግጦሽ ፍለጋ ሲነሣም ነቅሎ በግመል ይጭነዋል። ግመል የማይሸከመውን ዕቃ ማበጀት ለእርሱ ትርጉም የለውም። ጽሕፈት ቤትና ትምህርት ቤት ግን የማይነቀሉ ናቸውና፣ ከእነርሱ ጋር የማይነቀል ዕቃም መጣ።

ዕቃውን የተከተለው መዝገብ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የገንዘቡን ሥራ ለበጅሮንድ ሙሉጌታ ሰጡ፤ የግምጃ ቤቱ አሠራርም ቀስ በቀስ ከሹሙ አደራ ወደ ጽሑፍ ተሸጋገረ። ዛሬ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ የሚያውቀው ሞዴል 19 ንብረት ገቢ የሚሆንበት፣ ሞዴል 22 ደግሞ ወጪ የሚደረግበት ሰነድ ነው። በዚህ ሥርዓት ንብረት ጠባቂው ለጎደለው ዕቃ ከደመወዙ ይጠየቃል፤ በመጋዘን ውስጥ ለበሰበሰው ግን የሚጠይቀው የለም። እንግዲህ አስተዋይ ንብረት ጠባቂ ምን ያደርጋል? የተሰበረውን ወንበር ይቆልፍበታል። ከሥራ ሲለቅ ክሊራንስ የሚያስገኝለት የወንበሩ መኖር እንጂ ደኅንነቱ አይደለምና፣ ይህን በማድረጉ ሊወቀስ አይገባም። የትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራንም ከዚህ የተለየ ዕጣ የላቸውም።

ሁለተኛው የዕቃ ማዕበል የመጣው በእርሻ ልማት ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በተንዳሆ የጥጥ እርሻ አቋቋመ፤ በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተመሠረተ። ትራክተሩ፣ የውኃ መሳቢያው ሞተርና የጥጥ መዳመጫው ከነመለዋወጫቸው ከባሕር ማዶ ይገቡ ነበር። እርሻዎቹ በ1967 ዓ.ም. በመንግሥት ተወረሱ፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ከመሬቱ ከፊሉ ለአፋር ጎሣዎች ተመለሰ። መሬትን በቃለ ጉባኤ መመለስ ይቻላል። የቆመ ትራክተርን ግን ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሳይለይ ማንም ሊሸጠው አይችልም።

የባለቤትነቱ ጥያቄ በአፋር ይበልጥ የተወሳሰበው በአስተዳደር ወሰን ምክንያት ነው። የአፋር ሕዝብ ለረጅም ዘመን በሐረርጌ፣ በሸዋ፣ በወሎና በትግራይ ጠቅላይ ግዛቶች ተከፋፍሎ ቆይቷል። በአንድ ክልል የተሰባሰበው ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ነው። የክልሉም መቀመጫ በመጀመሪያ አሳይታ ነበር፤ በኋላ በጅቡቲ መንገድ ዳር ወደ ተሠራችው ወደ ሰመራ ተዛወረ። ወሰን ወይም መቀመጫ በተለወጠ ቁጥር ዕቃው በአንድ በኩል፣ መዝገቡ በሌላ በኩል የመቅረት ዕድሉ ይሰፋል። በአዋሽም ተመሳሳይ ችግር አለ፤ የአሮጌው የባቡር መሥመር ንብረት በከተማዋ መካከል ቢገኝም የከተማዋ አይደለም።

ሕጉ ዝም አላለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የግዥና የንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649 ንብረት ማስወገድን ከግዥ ጎን ራሱን የቻለ ሥራ አድርጎ ደነገገ፤ ይህም አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333 ተተክቷል። ክልሎች የራሳቸውን ሕግ ቢያወጡም መንገዶቹ የታወቁ ናቸው፤ ዕቃው ለሌላ መሥሪያ ቤት ይተላለፋል፣ በጨረታ ይሸጣል፣ ወይም የማይረባ ሲሆን ይቃጠላል፣ ይቀበራል። ከእነዚህ ሁሉ በሰው ልቡና የገነነው ጨረታ ነው፤ ከሐሜት ያድናልና።

ነገር ግን ጨረታ ለትንሽ ዕቃ ውድ ነው። አሥር የተሰበሩ ወንበሮችን ለመሸጥ ኮሚቴ ይሰየማል፣ ዋጋ ይገመታል፣ ማስታወቂያ በጋዜጣ ይወጣል፣ ተጫራቹ ሰነድ ገዝቶ ሲ.ፒ.ኦ. ያስይዛል። የማስታወቂያው ክፍያ ብቻ ከወንበሮቹ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነሣ መቅረት የለበትም፤ አፋር ዳጉ የተባለ የወሬ ልውውጥ ሥርዓት አለው። መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ሳያዛቡ ይነጋገራሉ። የአሥር ወንበር ጨረታ በዳጉ ቢነገር አዲስ አበባ ታትሞ ከሚመጣ ጋዜጣ ቀድሞ ለገዢው ይደርስ ነበር፤ ሆኖም ዳጉ ደረሰኝ ስለማይሰጥ ኦዲተር አይቀበለውም።

የመንገዱ አቅጣጫም አለ። የተጣለ ብረት የሚቀልጠው በአብዛኛው በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ ፋብሪካዎች ነው። ከጅቡቲ የሚመጣው መኪና ወደ አዲስ አበባ ሙሉ ሆኖ ይወጣል፤ ሲመለስ ግን ብዙ ጊዜ ባዶውን ነው። ስለዚህ የሰመራ አሮጌ ብረት ቦታ የሚፈልገው መኪናው በሚጠብበት አቅጣጫ ነው። በአዲስ አበባ ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ ዕቃውን ይለቅማል፤ የመርካቶው ምናለሽ ተራ በርሜሉን ምጣድና ምድጃ ያደርገዋል። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ለምትርቀው ሰመራ ግን እንዲህ ያለው ገበያ ሩቅ ነው። በ225 ኪሎ ሜትር ላይ የምትገኘው አዋሽ በዚህ ረገድ የተሻለ ዕድል አላት።

በሌላ አገር የተሞከረውን ማየት ይጠቅማል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1944 ባወጣችው የትርፍ ንብረት ሕግ ከጦርነቱ የተረፈውን ዕቃ ስታከፋፍል ለክፍላተ አገርና ለአጥቢያ መስተዳድሮች፣ እንዲሁም ለትምህርትና ለጤና ተቋማት ልዩ አስተያየት አድርጋለች። በሰሜን ካሮላይና ደግሞ የከተማ ምክር ቤት የአንዱ ዋጋ ከ30,000 ዶላር በታች የሆነን ተንቀሳቃሽ ንብረት ያለ ጋዜጣ ማስታወቂያ እንዲሸጥ ለአንድ ሹም ሥልጣን መስጠት ይችላል፤ ሹሙ ግን ምን ለማን በስንት እንደሸጠ መዝግቦ መያዝ አለበት። የዚህ አሠራር ጥበብ ያለው በገንዘቡ ልክ ላይ አይመስልም፤ ትንሹን ዕቃ ከትልቁ ዕቃ ሥርዓት መለየቱ ላይ ነው። ጉቦን የሚፈራ ሰው ይህን ቢቃወም አይፈረድበትም፤ ሆኖም ወንበሩ በመጋዘን ሲበሰብስም ገንዘቡ ያው ጠፍቷል።

ለትምህርት ቤት ይበልጥ የሚቀርበው መንገድ ሽያጭ ሳይሆን ማስተላለፍ ነው። በዚህ መንገድ ጋዜጣም ሆነ ሲ.ፒ.ኦ. አያስፈልግም፤ ከአንዱ መሥሪያ ቤት በሞዴል 22 ወጥቶ በሌላው በሞዴል 19 ይገባል። እግሩ የተሰበረ ዴስክ አንድ በያጅና አንድ አናጢ ካገኘ ሁለትና ሦስት ተማሪ ያስቀምጣል። በሰሜኑ ጦርነት በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በአፋር ብዙ ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ሲነሣ ትምህርት ተቋርጦ ነበር። በተፈናቃዮች ሠፈር ለተከፈተ ክፍል ዴስክ የሚፈለገው በዚያው ሳምንት ነው። በአቅራቢያው መጋዘን ዴስክ ቢኖር እንኳ እስኪወጣ ድረስ የአስወጋጅ ኮሚቴው መሰየም፣ የግምቱ ቃለ ጉባኤ፣ የበላይ ኃላፊው ፊርማና የሁለቱ ንብረት ጠባቂዎች ርክክብ ይቀድሙታል። ከእነዚህ አራቱ ክረምት ላይ፣ ትምህርት ሳይጀመር ሊጠናቀቁ የሚችሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው።