የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዲግሪ ከየት መጣ?

ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚማር ወገናችን «ምን ታጠናለህ?» ሲባል «ኮምፒዩተር» ይላል። ለመሆኑ የትኛውን? በአሜሪካ የመጀመሪያው የኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል እ.ኤ.አ. በ1962 በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። ትምህርቱ በሒሳብና በፕሮግራም አጻጻፍ ላይ ያተኮረ ነበር። በ1990ዎቹ ኢንተርኔት በየመሥሪያ ቤቱ ሲገባ ግን ኔትወርክ የሚዘረጋና የሚጠብቅ፣ መሣሪያ የሚመርጥ፣ ሠራተኛውን የሚረዳ ባለሙያ አስፈለገ። ዩኒቨርሲቲዎች የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂን ዲግሪ የከፈቱት ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። የሙያ ማኅበራትም በ2005 ከአምስቱ የኮምፒዩተር ትምህርት ዘርፎች አንዱ አድርገው ቆጠሩት፤ የራሱ የሥርዓተ ትምህርት መመሪያ በ2008 ወጣ። እንግዲህ ወገኖቻችን፣ በላባችሁ ያገኛችሁትን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የዲግሪውን ስም ብቻ ሳይሆን የኮርሶቹን ዝርዝር አንብቡ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ሆኖባችሁ ሁለተኛ እንዳትከፍሉ።