ልከራይ ወይስ ልግዛ? የሐምሌ 1967 ትምህርት

«ዶክተር፣ እስከ መቼ በኪራይ? የሰው ወርቅ አያደምቅ!» ያሉኝ ጉብሬ ላይ ቤታቸውን ያከራዩኝ አዛውንት ናቸው። ወርኃዊ ገቢያቸውን የሚያሳጣ ምክር መስጠታቸው ደግነታቸውን ያሳያል። ከዩኒቨርሲቲው ብዙም ሳይርቅ ቦታ የሚሸጥ ገበሬ እንዳለም ነገሩኝ። ውሉ ግን «ሽያጭ» አይባልም። ገበሬው ከእኔ ገንዘብ እንደተበደረ፣ መሬቱንም ስለ ዕዳው እንዳስረከበኝ ተደርጎ ይጻፋል። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» አሉኝ ጋሼ። ባለቤቴ ሐሳቡን ወድዳዋለች፤ ልጆቻችን በስድስት ዓመት ውስጥ ሦስት ቤት ቀይረዋልና አይፈረድባትም። እኔ ግን ታሪክ ማስተማር እንጀራዬ ነውና፣ ከመፈረሜ በፊት ወደ ኋላ ዞሬ ማየት ፈለግሁ። እስቲ አብረን እንመልከት።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የአዲስ አበባን መሬት በግል መያዝ፣ መሸጥና ማውረስ የሚፈቅድ ደንብ ካወጡ ወዲህ፣ በከተማ ቤት ሠርቶ ማከራየት የተከበረ የኑሮ ዋስትና ሆነ። ሰፊው መሬት በጥቂት መኳንንትና ባለሀብቶች እጅ ቢሆንም፣ ጡረታ የሌለው ነጋዴ፣ ባሏ የሞተባት እናት፣ ከደመወዙ የቆጠበ ጸሐፊም ሁለትና ሦስት ክፍል ሠርቶ ያከራይ ነበር። አብዛኛው ነዋሪ ግን ተከራይ ነበር። በ1965 ዓ.ም. አንድ ወጣት ምሁር «ልከራይ ወይስ ልግዛ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አስተዋይ የሚባል ሰው ሁሉ «ግዛ! ከቻልክም ትርፍ ሠርተህ አከራይ» ይለው እንደነበር አያጠራጥርም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ይህን ምክር ገለበጠው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 በአንድ ቀን የአከራይና የተከራይን ግንኙነት አቋረጠ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተፈቀደለት፤ የመኖሪያ ቦታው ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ዝቅተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው ቤቶች ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰላቸው። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተላለፉ። አዋጁ ለድኻው ተከራይ እፎይታ እንደነበረ መካድ አይቻልም። ነገር ግን የመስፍኑን መቶ ቤትና የመበለቲቱን ሁለት ክፍል በአንድ ሚዛን መዘነ። ትናንት አስተዋይ የነበረው ገዢ ከሳሪ፣ ትናንት ሰነፍ የተባለው ተከራይ አትራፊ ሆነ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ «መከራየት ይሻላል» ብለን በተነሣን ነበር። አላበቃም። የቀበሌ ቤት ተከራይ ለአሥርት ዓመታት እዚህ ግባ የማይባል ኪራይ እየከፈለ ኖረ፤ ልጆቹን ዳረበት፣ ወላጆቹን ቀበረበት። ሆኖም ቤቱ የእርሱ ስላልነበረ አላደሰውም፤ መንግሥትም አላደሰለትም። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲጀመር፣ በፒያሳና በአካባቢው የነበሩ ብዙ የቀበሌ ቤት ነዋሪዎች ወደ ከተማይቱ ዳርቻ ተዛወሩ። በዚህ ጊዜ ያጡት ከጣሪያቸው ይልቅ ዕድራቸውን፣ የቡና ጎረቤታቸውንና በእግር የሚሄዱበትን የሥራ ቦታ ነው። በ1967 ያተረፈው ተከራይ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ተራው ደረሰው።

በሌላው ዓለም የቤት ገዢ ዋና ሥጋት ባንክ ነው። በ2000 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ የተነሣው የፋይናንስ ቀውስ ሚሊዮኖችን ቤታቸውን ያሳጣቸው ዕዳቸውን መክፈል ስላቃታቸው ነበር። በእኛ አገር ግን ገዢም ተከራይም የሚፈራው የሕግን መለዋወጥ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የከተማ ቦታን በጨረታ ወይም በምደባ ብቻ እንዲገኝ አደረገ፤ ለመኖሪያም እስከ 99 ዓመት ፈቀደ። እንግዲህ «ቤት ገዛሁ» የሚል ኢትዮጵያዊ የገዛው ግድግዳና ጣሪያን፣ ከዚያም በላይ መንግሥት ቃሉን ያከብራል የሚል ተስፋን ነው።

የጉብሬን ጉዳይ በዚህ ዓይን እንየው። ከተማይቱ ያደገችው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ነው። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሲላኩ፣ እዚህ ያለ ኪራይ ሁሉ በአንድ ውሳኔ ላይ እንደተንጠለጠለ ታየ። በነሐሴ 2015 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረትና ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ስትሆን ደግሞ፣ ቢሮ በተዛወረ ቁጥር የቤት ዋጋም አብሮ እንደሚንቀሳቀስ ተማርን። ከዚያም ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ባንክ ያስቀመጥነው ገንዘብ በዓይናችን ፊት ሲሟሽሽ፣ «ምንም ይሁን ብቻ መሬት ልያዝ» የሚለው ጥድፊያ በረታ። ጥድፊያው ይገባኛል፤ እኔም ከደመወዝ በቀር ሌላ የለኝም።

የዚህ አካባቢ ሰዎች ግን ከእኛ ከምሁራኑ ቀድመው ያወቁት ነገር አለ። ወደ አዲስ አበባ ወርዶ መርካቶ የነገደው ጉራጌ በከተማ እየተከራየ ሲኖር እንኳ፣ እንሰት በከበበው የአባቱ ግቢ ቤቱን አልተወም፤ ለመስቀል ይመለስበታል። በ1967 በከተማ የሠራውን ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወስድበት፣ ቤተሰቡ የሚኖርበትና የሚያርሰው የአገር ቤት ይዞታ ቀረለት። ያን ይዞታ ያጸናው የገንዘብ ኃይል አልነበረም። በየደጁ የተዘረጋው ሣር የለበሰ ጀፎረ ድንበር እንዳይገፋ የሚጠብቀው የአካባቢው ሽማግሌና የይጆካ ሥርዓት ነው። ቤት የሚጸናው የአንተነቱን ሌላው ሲያውቅልህና ሲመሰክርልህ ነው።

የብድር ውል ለብሶ የመጣው ሽያጭ የጎደለው ይህ ነው። እውነቱን የማይናገር ወረቀት ነገ ገበሬው ቢሞትና ልጆቹ ቢጠይቁኝ፣ ወይም ከተማው ሰፍቶ ማስረጃ ቢፈለግ፣ የሚመሰክርልኝ የለውም። ገበሬውንም ይጎዳል፤ መሬቱን ያለ ሕጋዊ ካሳ፣ ልጆቹንም ያለ ርስት ያስቀራል።

ስለዚህ ለጋሼ «ይቅርብኝ» አልኳቸው። በምትኩ የኪራይ ውላችንን በጽሑፍ እንድናደርገው ጠየቅኋቸው። የ2016ቱ የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አፈጻጸሙ እንደየከተማው አቅም ቢለያይም፣ ሁለት ዓመት ለልጆቼ አንድ ትምህርት ቤት ማለት ነው። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋርም በሕጋዊ መንገድ ቦታ ለሚጠይቅ የቤት ሥራ ማኅበር ተመዘገብኩ። ተራችን መቼ እንደሚደርስ አላውቅም። ባለቤቴ አኩርፋ ነበር፤ አሁን የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ሆናለች።

ይህ ለሁሉም የሚሆን መልስ አይደለም። ሕጋዊ ካርታ ያለው ቤት ያገኘና አቅሙ የፈቀደለት ይግዛ። ነገር ግን «ልከራይ ወይስ ልግዛ?» ከማለታችን በፊት «የምይዘውን ወረቀት ማን፣ እስከ መቼ ያከብርልኛል?» ብለን እንጠይቅ። ለአንድ ትውልድ የሚጸና የቤት ሕግ እስኪኖረን ድረስ፣ ባለቤቱም ተከራዩም ያው እንግዶች ነን።

ቸር ይግጠመን።